የተኛ ሰው አይቀሰቀስም

በአሰብ የተኛ ሰው አይቀሰቀስም። ይህን ሕግ የጻፈው የለም፤ ግን ከወደብ ኃላፊ እስከ ዓሣ ሻጭ ሁሉም ያከብረዋል። ግንቦት ከገባ ሌሊቱም እንደ ቀኑ ስለሚፋጅ ሰው አልጋውን እየጎተተ ግቢ ያወጣል፣ አንሶላውን ውኃ ነክሮ ይለብሳል፣ አንሶላው ሲደርቅበት ተነሥቶ እንደገና ይነክራል፤ እንዲህ ሲገላበጥ አድሮ ንጋት ላይ ሸለብ ያደረገውን ሰው መቀስቀስ ከአፉ ጉርሻ እንደ መንጠቅ ነው። መጥሪያ የያዘ ፖሊስ እንኳ «ተኝቷል» ከተባለ በራንዳው ላይ ቁጭ ብሎ ይጠብቃል። ከበይሉል መንደር ዓሣ ይዘው የሚመጡት ሰዎች በቀትር አይጣሩም፤ በር ላይ ቆመው ቆርቆሮውን በጥፍራቸው ጫር ጫር ያደርጋሉ። አንድ ጊዜ አገሩን የማያውቅ የከባድ መኪና ሾፌር ከሰዓት በኋላ ጥሩምባውን ቢነፋ፣ ሰፈሩ በሙሉ በሽርጥ ወጥቶ በዐማርኛም በዐፋርኛም በትግርኛም ሰድቦ ሸኝቶታል። ሕዝቡ በሌላ ነገር አይስማማም፤ በዚህ ግን ተስማምቷል።

ስለዚህ ኢልሀም በዚያ ማለዳ እንደ ልማዷ ጓደኛዋን ጸደይን ለትምህርት ልትጠራ ስትሄድ፣ የጸደይ እናት ሐረገወይን ጣቷን አፏ ላይ አድርጋ በሩ ላይ ስትቀበላት ምንም አልገረማትም። ጫማዋን አውልቃ በእግር ጣቷ ገባች።

«ቀስ በይ፣ ተኝታለች» አለቻት ሐረገወይን በሹክሹክታ። ፊቷ ወገግ ብሏል። «ስንት ቀን ዓይኗ ሲፈጥ አድሮ ዛሬ ገና ጣላት። ትሰሚያታለሽ ስታንኮራፋ? አባቷን እኮ ነው!»

ኢልሀም ሰማች። ከመጋረጃው ወዲያ ረጅም፣ ወፍራም፣ ከሆድ የሚመጣ ማንኮራፋት ይሰማል፤ ይነሣል፣ ይቆማል፣ ጥቂት ቆይቶ ደግሞ ይነሣል። መጋረጃው በውኃ ተነክሮ ይንጠባጠባል። ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ ፊዚክሱን፣ ሒሳቡን፣ መሬት ላይ የተበተነውን የጥናት ወረቀት ሁሉ ያገላብጣል። ጸደይ በጀርባዋ አልጋው ላይ፣ አፏን ወደ ጣሪያው ከፍታ፣ አንድ እጇን ከአልጋው ጫፍ ቁልቁል ጥላ ተኝታለች። ያችን የወደቀች እጅ እናቷ አንሥታ ደረቷ ላይ አስቀመጠችላት፤ እጅየዋ ተመልሳ ወደቀች። «ድካም እኮ ነው» አለች ሐረገወይን እየሳቀች። ባሏ ፍቅረሥላሴ የወደብ ጸሐፊ ነው፤ በደርግ ጊዜ ከደብረ ታቦር ተመድቦ መጥቶ ባንዲራው ሲለወጥም፣ ብዙ ሰው ዕቃውን ጭኖ ወደ ደሴ ሲመለስም እሱ ቀርቷል፤ «ልጄ ማትሪክ ትውሰድና እንሄዳለን» እያለ። ስለዚህ እዚያ ቤት ውስጥ ከጸደይ ፈተና የሚበልጥ ነገር የለም፤ ከፈተናው ደግሞ የሚበልጠው እንቅልፏ ሆኗል። «ዛሬ ትቅር። ትምህርቱ ነገም አለ። አንቺ ትነግሪያታለሽ» አለች ሐረገወይን፣ ኢልሀምንም በእጇ ምልክት ወደ በሩ ሸኘቻት።

ኢልሀም ፈገግ ብላ ወጣች። ግን መንገድ ላይ አንድ ነገር ቆነጠጣት። ትናንት አመሻሽ ላይ ጸደይ እነሱ ቤት መጥታ «አንዱ አሁን አይዘኝም፣ ሁለቱም አልያዘኝም» ብላት ከአክስቷ ጣሳ ውስጥ የቀረውን ነጭ ክኒን ሁሉ ይዛ ሄዳለች። ኢልሀም አልከለከለቻትም። እንዲያውም ክዳኑን የከፈተችላት እሷ ናት።

የጣሳው ነገር እንዲህ ነው። የኢልሀም አባት እኅት ሪሃና ከጅዳ ስትመለስ ወርቅ አላመጣችም፤ ያመጣችው አንድ ትልቅ የዱቄት ወተት ጣሳ ሙሉ መድኃኒት ነው። ትሠራባቸው የነበሩ እመቤቶች ሲሰለቻቸው የሚሰጧት፣ ሲሞቱ የሚተርፍ፣ ቤት ሲያጸዱ የሚጣል ሁሉ እዚያ ጣሳ ውስጥ ነበር። ሰፈሩ ይህን በሰማ ማግስት ወገቡን የያዘው መጣ፣ ሆዱን የነፋው መጣ፤ ከፋርማቺያ ይልቅ የጅዳውን መድኃኒት የሚያምነው ብዙ ነው። ችግሩ ሪሃና ዐረብኛ ትናገራለች እንጂ ፊደል አልቆጠረችም። ፊደሉን የምትችለው ኢልሀም ናት፤ ከልጅነቷ ጀምሮ ቁርኣን ቀርታ፣ ድምጿ አምሮ፣ ሰው ቆሞ የሚያዳምጣት። እሷ ደግሞ ታነባለች እንጂ የምታነበው ምን እንደሚል አታውቅም፤ ይህን ማንም ጠይቋት አያውቅም። እናም ኢልሀም ካርቶኑን ይዛ በቁርኣን ዜማ ጥርት አድርጋ ታነባለች፣ ሪሃና ከዚያ ሁሉ መካከል በማድ ቤት የለመደቻትን አንዲት ቃል ለቀም አድርጋ «ለራስ ነው»፣ «ለሆድ ነው» ትላለች። ሁለቱ ተጋግዘው ሐኪም ሆኑ። አባትየው ሙሐመድኑር ከባቲ መጥቶ በአሰብ ሰጊር ሰፈር ሱቅ ያቆመ ሰው ነው፤ ከመስጊድ ሲወጣ «የኔ ልጅ እኮ ዐረቡን ታነበዋለች» እያለ የሰው ካርቶን እየሰበሰበ ያመጣላት ጀመር። ሰው በሚመርቃት ጊዜ ኢልሀም አንገቷን ትደፋለች። ደስ ይላት ነበር፤ በዚያ ዕድሜ ማንን ደስ አይለውም?

ነጩን ክኒን ስታነበው ሪሃና «ለእንቅልፍ ነው፣ አውቀዋለሁ» አለች። ኢልሀም አንዱን ለጸደይ ሰጠቻት። ከዚያ ጸደይ ለሌላው ነገረች፣ ያም ለሌላው፤ በክፍላቸው «የጅዳ ነጭ» የሚል ስም ወጣለት። ቀን በሻይ ነቅቶ የሚያጠናው ሌሊት በጅዳ ነጭ ይተኛል። ሙባረክ የሚባለው የክፍሉ ቀልደኛ ደግሞ ከሳል ሽሮፕ ጋር ሲሆን ይበልጥ ይጥላል የሚል ወሬ አመጣ። ማንም ክፉ አላሰበም። ሰው መተኛት ፈለገ፤ ይኸው ነው።

ያን ቀን ሦስተኛው ክፍለ ጊዜ ላይ የባዮሎጂ መምህሩ ቀርቶ አንዲት ነርስ ገባች። ሲስተር አባይነሽ ትባላለች፤ ስለ መድኃኒት አወሳሰድ ለወጣቶች ትምህርት እንድትሰጥ ታዝዛ የመጣች ናት፤ መታዘዟም ከፊቷ ያስታውቃል። የክፍሉ መስኮት ወለል ብሎ ተከፍቶ ከጨው ማምረቻው በኩል የሚነፍሰው ነፋስ አሸዋ እያመጣ ደብተሩ ላይ ይነሰንሳል። ሲስተር አባይነሽ ከሆነ ቢሮ የተላከ ወረቀት አውጥታ ማንበብ ጀመረች። «አምራች የሆነው የወጣቱ ኅብረተሰብ ክፍል ከሐኪም ትእዛዝ ውጭ...» እያለች ስትወርድ ግማሹ ክፍል አንገቱን ደፍቶ ነበር። ሙባረክ እጁን አወጣ።

«ሲስተር፣ ለሙቀቱስ የሚታዘዝ የለም?»

ክፍሉ ሳቀ። ሲስተር አባይነሽ አልሳቀችም፣ አልተቆጣችም። ወረቀቱን አጥፋ ቦርሳዋ ውስጥ ከተተችና ጠረጴዛው ጠርዝ ላይ ቁጭ አለች። ላቧን በነጠላዋ ጫፍ ጠረገች።

«እሺ፣ ወረቀቱን ተዉት» አለች። «የምትውጡትን እኔም አውቃለሁ፣ አትደብቁኝ። ሞኝ አይደለሁም፤ ሽሮፑ ከእኛው መደርደሪያ ነው የሚጎድለው። አንድ ነገር ብቻ ልንገራችሁ፤ ሌላውን ብትረሱት አልቀየማችሁም። የእንቅልፍ ክኒን እንቅልፍ ብቻ አይደለም የሚያመጣው፣ ትንፋሽንም ያስተኛል። ከሽሮፕ ጋር ሲሆን፣ ከአረቄ ጋር ሲሆን ደግሞ ጨርሶ ያስተኛዋል። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ውጦ ስትጠሩት ካልሰማ፣ ስትቆነጥጡት ካልተቆጣ፣ እሱ ተኝቶ አይደለም። ማንኮራፋቱ እንዳያታልላችሁ። የሚያንኮራፋው ምላሱ ወደ ኋላ ወድቆ ጉሮሮውን እየዘጋበት ነው። በጎኑ አጋድሙት፣ የዋጠውን ነገር ካርቶንም ልጣጭም ቢሆን ያዙ፣ ወደ እኛ ሩጡ። እስኪነቃ አትጠብቁ። እናንተ አሰቦች ሰው መቀስቀስ ነውር ነው እያላችሁ አይደል? ባለፈው ዓመት አንዱን ልጅ ቤተሰቡ እስኪበቃው ይተኛ ብለው ጥላ ላይ ጥላ እየዘረጉለት ውለው ነው ያመጡልኝ። ከመጣ በኋላ እኔ ምን ልሥራ?»

ከኋላ አንዱ ማንኮራፋት አስመስሎ አሰማና ሳቁ ተመለሰ። ለኢልሀም ግን የወደቀችው እጅ ታየቻት። ስትነሣ፣ ደረት ላይ ስትቀመጥ፣ ተመልሳ ስትወድቅ።

«ሲስተር» አለች ቆማ። ድምጿ ለራሷም ሩቅ ሆነባት። «ከማለዳ ጀምሮ ያንኮራፋ ሰው... እስከ ስንት ሰዓት ድረስ ይደረስለታል?»

ሲስተር አባይነሽ አተኩራ አየቻት። «ማነው?»

«ማንም አይደለም። እንዲያው ነው የጠየቅሁት።»

«እንዲያው?»

«አዎ፣ እንዲያው።»

ሆድ ሲያውቅ ዶሮ ማታ የሚሉት ይህን ነው። ነርሷ ፊት ለፊቷ ተቀምጣለች፤ ሆስፒታሉ አምቡላንስ አለው፤ አንድ ስም መጥራት ብቻ ነበር የቀረው። ኢልሀም ስሙን ብትጠራ ግን ቀጥሎ የሚመጣውን ጥያቄ ታውቃለች፤ ከየት አመጣችው? ከእኛ ቤት። ማን ሰጣት? እኔ። ምን መድኃኒት ነው? አላውቅም። ዐረብኛ ታነቢ የለ እንዴ? ይህቺ የመጨረሻዋ ጥያቄ ናት ስሙን ያስዋጠቻት። ሲስተር አባይነሽ «ለማንኛውም ይህ ነገር ሰዓት አይሰጥም፣ ቶሎ ነው» ብላ ወደ ሌላ ነገር አለፈች። ኢልሀም ሆዷን ይዛ ወጣች፤ የሆድ ቁርጠት ነው ስትል ዘበኛው በሩን ከፈተላት።

ከትምህርት ቤቱ እስከ ዋናው መንገድ ድረስ ሮጠች። መንገዱ ላይ ስትደርስ ቆመች። በቀኝ የጸደይ ቤት ነው፤ በግራ የራሷ ቤት። ኋላ የሚያስበው ሰው «ምን ያስቆማታል?» ይላል፤ እውነት ነው፣ ምንም አያስቆምም ነበር። እሷ ግን ባዶ እጄን ገብቼ ለእናቷ ምን እላለሁ አለች። ምናልባት መድኃኒቱ ሌላ ይሆናል። ምናልባት እንደ ቫይታሚን ያለ ነገር ይሆናል። መጀመሪያ አክስቴን ልጠይቅ፣ ምን እንደሆነ ልወቅ፣ ካርቶኑን ልያዝ፤ ነርሷም ካርቶን ያዙ ብላለች። ለፍርሃቷ ከነርሷ አፍ ምክንያት አገኘችለት። ወደ ግራ ዞረች።

ቤታቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። እናቷ ረቢዓ በራንዳው ላይ እግሯን ዘርግታ ምስር ትለቅማለች። ኢልሀም ያለ ሰዓቷ ስትገባ ቀና ብላ «አመመሽ?» አለቻትና መልስ ሳትጠብቅ ወደ ምስሩ ተመለሰች።

«አክስቴስ?»

«መጋዘን ውስጥ ተኝታለች። አትቀስቅሻት፤ ሌሊቱን በሳል ስትሰቃይ አድራ ገና አሁን ነው የጣላት።»

መጋዘኑ የሱቁ ስኳርና ሩዝ የሚደረደርበት መስኮት አልባ ክፍል ነው፤ ከቤቱ ሁሉ ቀዝቀዝ የሚለው እሱ ነው። ሪሃና በጆንያዎቹ መካከል ሰሌን ላይ ተጠቅልላ ተኝታለች። ኢልሀም አጠገቧ ተንበረከከች። እጇን ወደ ትከሻዋ ሰደደች፤ ከበራንዳው እናቷ «ነገርኩሽ!» ብላ በሹክሹክታ ተቆጣች። እጇን መለሰች። ልማድ እንዲህ ነው፤ ቤት እየተቃጠለ እንኳ መጀመሪያ እጅህን ይይዝሃል። ተቀምጣ የአክስቷን ትንፋሽ አዳመጠች። ቀላል ነበር፤ ይገባል ይወጣል፣ ገባ ወጣ፣ ዝንብ ስታርፍባት ሪሃና በእንቅልፏ ፊቷን ታሻለች። ኢልሀም ቀስ ብላ ክንዷን ቆነጠጠቻት። ሪሃና አጉረመረመችና ወደ ግድግዳው ዞረች። ትቆጣለች። ይህች ተኝታለች ማለት ነው። ኢልሀም ያን ጊዜ ጸደይ አለመተኛቷን በእርግጠኝነት ዐወቀች፤ ዐውቃም ትንሽ ቆየች፤ የቆየችውም እንዲህ ነው፤ ከመስጊዱ የዙሁር አዛን እስኪሰማና አባቷ ሱቁን ዘግቶ ውዱእ ሊያደርግ ወደ ጓሮ እስኪገባ ድረስ።

አዛኑ ሪሃናን ቀሰቀሳት። አዛን ብቻ ነው እንደ ልቡ የሚቀሰቅሰው። ዓይኗን ሳትገልጥ «ምን ሆነሽ ነው እላዬ ላይ የተቀመጥሽው?» አለች።

«ነጩ ክኒን፣ አክስቴ። ለጸደይ የሰጠሁት። ምንድን ነበር?»

«ለእንቅልፍ ነዋ።»

«በምን ዐወቅሽ?»

«እመቤቴ ለልጇ ስትሰጠው አይቼ ነው። ያ የሚጥለው ልጅ ነበራት አላልኩሽም? አረፋ የሚደፍቀው። እሱን ዋጥ ካደረገ በኋላ ድምፁ አይሰማም ነበር፣ ሲተኛ ይውላል። ቁራጯን እንኳ እመቤቴ በቁልፍ ነበር የምትቆልፍባት።»

«ለሚጥል በሽታ ነዋ! ለእንቅልፍ አይደለም!»

«እኔ ምን አውቃለሁ?» አለች ሪሃና ተነሥታ እየተቀመጠች። እውነትም ደንግጣለች። «እኔ ፊደል አልቆጠርኩ። ያነበብሽው አንቺ አይደለሽ?»

ጓሮ ውስጥ የውኃው ድምፅ ቆመ። ሙሐመድኑር በግራ እጁ ማንቆርቆሪያውን፣ በቀኙ እርጥብ ጺሙን ይዞ በሩ ላይ ቆሟል። ረቢዓም ምስሩን ትታ መጥታ ከኋላው ቆማለች። ኢልሀም አራቱም እዚያ ጠባብ ቦታ ላይ እያሉ ያለችውን ከዚያ በፊት ለራሷም ብላው አታውቅም።

«አነበብኩት። ምን እንደሚል ግን አላውቅም። ይሄንንም፣ የትኛውንም። ፊደሉን ነው እንጂ ቋንቋውን አላውቀውም፣ አባ። ዐውቄውም አላውቅ።»

ሙሐመድኑር ማንቆርቆሪያውን መሬት አስቀመጠና ክዳኑን አስተካከለ፤ አላስፈለገውም ነበር። ዓይኑ መደርደሪያው ላይ ወዳሉት ካርቶኖች ሄደ፤ የመስጊዱ ሰዎች የላኩለት፣ ለሽማግሌው የኩላሊት፣ ለሙአዚኑ ሚስት የደም ግፊት የተባለላቸው። ሰውየው ክፉ አይደለም፤ በዚያች ቅጽበት ግን ስንቱ ሰው ምን እንደዋጠ እየቆጠረ ነበር፤ ፊቱ ዐመድ መሰለ። ኢልሀም የጸደይን ነገር በአንድ ትንፋሽ ነገረችው፤ ነርሷን፣ ማንኮራፋቱን፣ የወደቀችውን እጅ። ረቢዓ አፏን በእጇ ያዘች።

«ለሲስተሯ ነግረሻታል?» አለ።

«አልነገርኳትም።»

«ደግ አደረግሽ። ይህ ነገር ከዚህ ግድግዳ እንዳይወጣ።» ሽርጡን አጠበቀ። «የቸኮለ አፍሶ ለቀመ ይባላል። ልጅቷ ምናልባት ይህን ጊዜ ነቅታ ምሳዋን ትበላ ይሆናል፤ አንቺ ግን ሄደሽ 'መርዝ ሰጠኋት' ብለሽ ስማችንን ገበያ ታወጪዋለሽ። አክስትሽ ደግሞ ገና መታወቂያ እንኳ የላትም። ፖሊስ የመጣ እንደሆነ ወዴት ትሄዳለች? ልስገድና እኔው ወደብ ወርጄ አባቷን አነጋግረዋለሁ። እንዲህ ያለ ነገር በወንዶች ነው የሚያልቀው።»

«ነርሷ አትጠብቁ ብላለች፣ አባ።»

«ልስገድ አልኩሽ እኮ!»

መስገጃውን አነጠፈና ቆመ። እጁን ወደ ጆሮው አነሣ። በዚህ ጊዜ ረቢዓ፣ በዚያ ቤት ውስጥ ከባሏ ቃል ወጥታ የማታውቀው ረቢዓ፣ መደርደሪያው ላይ ያለውን የነጩን ክኒን ባዶ ካርቶን አንሥታ በልጇ እጅ ውስጥ አስቀመጠችና ጣቶቿን አጠፈችባት። በአገጯ በሩን አመለከተቻት። ሙሐመድኑር ስግደት ላይ ነው፣ መናገር አይችልም፤ ግን «አላሁ አክበር!» ሲል ድምፁን ከፍ አደረገው። በእስላም ቤት ያደገ ሁሉ ይህን ድምፅ ያውቀዋል፤ የሚሰግድ ሰው ልጁ ወደ እሳት ስትጠጋ፣ ወተቱ ሊገነፍል ሲል፣ እንግዳ በር ላይ ሲቆም የሚያሰማው ነው። ተዪ ማለቱ ነበር። ኢልሀም ወጣች። ከኋላዋ አሁንም «አላሁ አክበር!» አለ፣ አሁንም ጮክ ብሎ፤ ሱቁን እስክታልፍ ሰማችው።

ቀትር ነው። መንገዱ ላይ ውሻ እንኳ የለም። በየበራንዳው፣ በየታዛው፣ በቆሙ ከባድ መኪኖች ሥር ሳይቀር ሰው እግሩን ዘርግቶ ተኝቷል። የወደቡ ክሬን ቆሟል። አስፋልቱ ከጫማዋ ጋር እየተጣበቀ ይላቀቃል፤ በዚያ ጸጥታ ውስጥ የሩጫዋ ድምፅ በጥፊ የመምታት ያህል ይሰማል። ከአንድ አጥር ሥር ፊቱን በፎጣ የሸፈነ ሰው ፎጣውን ሳያነሣ «ሽሽሽ» አላት። የበረዶ ጋሪ የሚገፋው ሽማግሌ እንኳ ጎማው እንዳይንጫጫ ዘይት ቀብቶ ነው የሚያዞረው። ኢልሀም እየሮጠች የምትለውን በልቧ ታጠና ነበር። እትዬ ሐረገወይን፣ ጸደይን እንውሰዳት። እትዬ ሐረገወይን፣ ይህን ነው የዋጠችው፣ የሰጠኋት እኔ ነኝ። ደጋግማ ስትለው ቀላል መሰላት። ማለዳም እኮ እንዲህ ቀላል ነበር፤ ክፍል ውስጥም ቀላል ነበር። ምነው አላልኩት? አለች። እንባዋ ከላቧ ጋር ወረደ።

ሐረገወይን በራፏ ላይ በበርጩማ ተቀምጣ በሰሌን ማራገቢያ ዝንብ ታባርራለች። ልጇን ስትጠብቅ ነው የዋለችው። ሬድዮኑን ዘግታዋለች፣ ዶሮዎቹን ጎረቤት ግቢ ሰድዳቸዋለች፣ ከምሳ በፊት የመጣውን ውኃ አዳይ ቦቴ «ሞተርህን አጥፋልኝ» ብላ ለምና አሳልፋዋለች። ይህን ሁሉ ኢልሀም ኋላ ነው የሰማችው። አሁን ያየችው ሐረገወይን ጣቷን እንደ ማለዳው አፏ ላይ አድርጋ፣ ያው ወገግ ያለ ፊቷን ይዛ ስትነሣላት ነው።

«ቀስ፣ ቀስ» አለች በሹክሹክታ። «ምነው እንዲህ ያለከልክሻል፣ የኔ ልጅ? ውኃ ልስጥሽ? እስካሁን አልነቃችም፣ ታምኚያለሽ? አሁንማ እንዴት ያለ ደግ እንቅልፍ መሰለሽ። ማንኮራፋቱንም ትታዋለች። ቅድም ገብቼ ግንባሯን ብዳስሳት ገላዋም በረድ ብሎላታል።»

ኢልሀም ያጠናችው ሁሉ ጠፋባት። ካርቶኑ ከእጇ ወደቀ። ሐረገወይንን በትከሻዋ ገፍታ፣ ጫማዋን ሳታወልቅ፣ የደረቀውን መጋረጃ ቀድዳ ገባች። ቬንትሌተሩ አንገቱን እያዞረ የጥናት ወረቀቶቹን ያገላብጣል። የጸደይ እጅ እዚያው ወድቃለች።

«ጸደይ!» ብላ ጮኸች። «ጸደይ! ጸደይ ተነሽ! ጸደይ!»

«በስመ አብ! አበድሽ እንዴ? ልትቀሰቅሻት ነው!» አለች ሐረገወይን ከኋላ እጇን ይዛ፣ አሁንም በሹክሹክታ። ኢልሀም ያን በጣፋጭነቱ ሰው ቆሞ የሚያዳምጠውን ድምጿን ለቀቀችው፤ ቆርቆሮው እስኪነዝር ድረስ ጮኸች፤ ግድግዳው፣ አጥሩ፣ መንገዱ ሰማ።

ከአጥሩ ወዲያ አንድ የጎረቤት ድምፅ በቁጣ መለሰላት።

«ኧረ ሰው ተኝቷል!»